«ደሙ ቆሟል፤ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ መልእክቶች ሦስቱ ስለ ደም ናቸው። እርግዝናው ገፍቶ፣ ልጅ ሳይወለድ ስለሚታይ ደም። ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ አንዱ ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ከቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ከአስኮ። ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዓምዱን ለእነዚህ ሰጥቻለሁ። እኔ 27 ዓመት ያዋለድኩ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሠራሁት ከከተማ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነው። መንገዱንም፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃም አውቀዋለሁ።

«ሰላም ሲስተር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ሁለተኛ እርግዝናዬ ነው፤ የመጀመሪያዬን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። አሁን 33ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። ማክሰኞ ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ሞቅ ያለ ነገር በእግሬ ወረደ። መብራት ሳበራ ደም ነው። ደማቅ ቀይ። ምንም አላመመኝም። ሁለት ሞዴስ ሙሉ ፈሰሰኝና ሲነጋጋ ቆመ። ልጄ እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል። አማቴ ‹ከቆመ ምን ያስኬድሻል? ደረጃ መውጣት መውረዱ ይብስብሻል፤ ተልባ ጠጥተሽ ተኚ› አሉኝ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። በአምስተኛው ወሬ አልትራሳውንድ ስነሳ ‹የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል፤ ግን ኋላ ከፍ ይላል› ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነሳሁም። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ ይህን በቴሌግራም የላክሽውን ያነበብኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ደወልኩልሽ። «ሲስተር፣ አሁን እኮ ደህና ነኝ» አልሽኝ። እኔም «ደህና ሆነሽ ሳለሽ ነው የምትሄጂው» አልኩሽ። ባለቤትሽ ከሥራ መጥቶ በዚያው ምሽት ወሰደሽ። ስለዚህ ያንቺ መልስ በስልክ አልቋል። መጽሔት እስኪታተም የሚጠብቅ ጥያቄ አልነበረም። አሁን የምጽፈው ሌላ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሞዴስ ቀይራ፣ መብራት አጥፍታ ለተኛች ሌላ ሴት ነው።

ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደም ከታየ ይኬዳል። ብዛቱ ምንም ይሁን። ቢያምም ባያምም፣ ቢቆም ባይቆም። ሌሊት ከሆነ ሌሊት።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የእንግዴ ልጅ ቀኑ ሲደርስ ትንሽ አምባሻ ያክላል። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ። ልጁ አየርም ምግብም የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ከማህፀን ላይኛው ክፍል ነው። አንዳንዴ ግን ታች ይለጠፋል፤ ከማህፀን በር አጠገብ፣ ወይም ጭራሽ በሩ ላይ። ልጁ የሚወጣበትን በር ዘግቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ሐኪሞች ፕላሴንታ ፕሪቪያ ይሉታል። ቀኑ በደረሰ እርግዝና ከ200 ሴቶች በአንዷ ገደማ ያጋጥማል።

ድፎ ዳቦ የጋገረች ሴት ይህን ወዲያው ትረዳዋለች። ኮባውን አንጥፈን ሊጡን እንደፋበታለን። ሊጡ ኩፍ ሲል ይሰፋል፤ ኮባው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ከጠርዙ በኩል ትንሽ ትንሽ ይላቀቃል። የማህፀን ታችኛው ክፍልም እርግዝናው ሲገፋ እየሳሳ፣ እየሰፋ ይሄዳል። የእንግዴ ልጁ አብሮት አይለጠጥም። ጠርዙ ሲላቀቅ ሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይከፈታሉ። ምጥ የለ፣ ቁርጠት የለ። ለዚህ ነው ያላመመሽ። ያለ ሕመም የሚመጣ ደማቅ ቀይ ደም የዚህ ችግር ዋና ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ደም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። አማትሽ ያዩት ይህንን ነው። አልዋሹም፤ ደሙ ቆሟል። ግን የእንግዴ ልጁ ከነበረበት አልተነሳም። ማህፀኑም መስፋቱን አልተወም። ደሙ ነገ ይመለስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለስ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ወሯ የገባ ሴት ማህፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። ትንሿ የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው። በአንድ ደቂቃ። እኛ ደግሞ የምናወራው ከአራተኛ ፎቅ ስለመውረድ፣ መኪና ስለመፈለግ፣ የቃሊቲን መንገድ ስለማለፍ ነው።

«ኋላ ከፍ ይላል» ያሉሽም እውነት ነው። በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ ከታየ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ቀኑ ሲደርስ ከበሩ ርቆ ይገኛል። ታችኛው የማህፀን ክፍል ሲያድግ ይዞት ወደ ላይ ይሄዳል። ግን ያ አባባል ግማሹ ቀርቶበታል። ሙሉው «ከፍ ማለቱን በ32ኛው ሳምንት ተመልሰሽ አረጋግጪ» ነው። ሁለተኛው አልትራሳውንድ የቀረበት ሰው ስንቱን አየሁ! ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴትየዋም «ከፍ ብሏል» ብላ ትኖራለች። እቤትሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ አሁን አውጥተሽ ቀኑን እዪው።

አንቺ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ማህፀኗ ላይ ጠባሳ አለ። ጠባሳ ያለው ማህፀን ላይ የእንግዴ ልጅ ታች የመቀመጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከጠባሳው ላይ ካረፈ ደግሞ ሥር ሰዶ ሊጣበቅ ይችላል። ይህ ቀድሞ ከታወቀ ሐኪሙ ይዘጋጃል፤ ብዙ ደም ያስቀምጣል፣ ልምድ ያለው ሰው አብሮት እንዲገባ ያደርጋል። ሳይታወቅ ኦፕራሲዮን ክፍል ከተገባ ግን ችግሩ የሚታወቀው ሆድ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትናገሪው ሁለት ነገር ነው፤ ደም ማየትሽን እና በፊት በኦፕራሲዮን መውለድሽን።

ሦስተኛ የምትናገሪው ነገር አለ። ስለሱ ልጽፍ ስል እጄ ይከብደኛል።

በ1991 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጤና ጣቢያው ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ ነበር። ጠዋት አንዲት ሴት በጋሪ መጣች። ሌሊት ደም አይታ ቆሞላታል። ከእህቷ ጋር እያወራች ነው የገባችው። አልትራሳውንድ አልነበረንም። የዕለቱ ተረኛ በልምድ ከእኔ በብዙ የሚበልጥ ሰው ነው። ጓንት አጥልቆ «ምን ያህል እንደተከፈተ ልይ» አለና በጣቱ መረመራት። ጣቱን ሳያወጣ ደሙ መጣ። ላስቲኩን ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲወርድ ድምፁ እስካሁን ይሰማኛል። ነጠላዋን ከሥሯ ሳብኩት። ከበደኝ። ነጠላ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሴትየዋ ተርፋለች። በሁለት እጇ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ የወረዳው መኪና ተለምኖ አዲስ አበባ ደረሰች። ልጁ አልተረፈም። እኔ ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ደም ያየች ነፍሰ ጡር የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ ሳይታወቅ በጣት አትመረመርም። አውቅ ነበር። የሚበልጠኝ ሰው ስለሆነ ዝም አልኩ። ጣት የእንግዴ ልጁን ሲነካው የተላቀቀውን ይብስ ያላቅቀዋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ይህችን አረፍተ ነገር በቃል ያዙልኝ። «ደም አይቻለሁ፤ እባካችሁ አልትራሳውንድ ሳይታይ በእጅ አትመርምሩኝ።» ማፈር የለም። ባል ይናገር፣ እናት ትናገር፣ ጎረቤት ትናገር። ዛሬ ይህን የማያውቅ አዋላጅ ታገኛላችሁ ብዬ አላስብም። ግን ሌሊት ነው፣ ሰው ይደክማል፣ ወረፋ አለ። ከእናንተ አፍ ሲወጣ የሚቀየመው የለም።

ሆስፒታል ውስጥ ምን ይደረጋል? ይህን የማያውቁ ሴቶች ናቸው ቤት የሚቀሩት። «ወዲያው ኦፕራሲዮን ያደርጉኛል» ብለው ይፈራሉ። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ክንድሽ ላይ መርፌ ይሰካል፤ ደሙ ድንገት ከተመለሰ መንገዱ ክፍት እንዲሆን። የደም ዓይነትሽ ይታያል፣ የሚስማማሽ ደም ይፈለጋል። የልጁ ልብ ይደመጣል። አልትራሳውንድ ይነሳል። የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ለእሱ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ስላለበት ክትትል ካርድሽን አትርሺ። ከ34 ሳምንት በታች ከሆንሽ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይሰጥሻል። ደሙ ከቆመና ሁለታችሁም ደህና ከሆናችሁ ዋናው ሥራ መጠበቅ ነው። ልጁ ማህፀን ውስጥ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን ይጠቅመዋል። የእንግዴ ልጁ በሩን የዘጋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 36ኛው ወይም 37ኛው ሳምንት ላይ በኦፕራሲዮን ይወለዳል። ጠርዙ ከበሩ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ግን በምጥ መውለድም ይቻላል። ደሙ ካልቆመ ሳምንት አይቆጠርም። ያን ጊዜ የእናትየዋ ሕይወት ይቀድማል።

ስለ ተልባው አማትሽን አትቆጪያቸው። ለደጉ ነው ያሉት። ተልባ ግን የእንግዴ ልጅን ከበሩ ላይ አያነሳም፤ የሚፈስ ደምም አያቆምም። ደግሞም ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ደም ያየች ሴት እስክትታይ ድረስ ሆዷን አትሙላ። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። «ልጁ ተጣሞ ነው» ብሎ በቅቤ ሆድ ማሸትን። ደም ያየች ሴት ሆድ አይታሽም። በልምድ አዋላጅም ቢሆን፣ በእናትም ቢሆን። ከባልም ጋር ግንኙነት ይቁም።

አንድ ነገር ደግሞ እኛን ባለሙያዎቹን ሳይቀር ያታልለናል። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ሰውነትሽ ውስጥ ያለው ደም ከወትሮው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ደም ፈሶሽም ግፊትሽ ሲለካ ደህና ሊመስል ይችላል። «ግፊቷ ጥሩ ነው» ስትባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። እናንተ ሌላውን እዩ። ልቧ በኃይል ይመታል? ውሃ ውሃ ትላለች? ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋታል? ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል? እነዚህ ካሉ ደሙ ብዙ ነው። ደም ማነስ ላለባት ሴት ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ያ በየክትትሉ የሚሰጣችሁ፣ ሆድ ያደርቃል ብላችሁ የምትተዉት የአይረን ኪኒን ለዚህ ቀን ነው።

ስትሄጂ የቀየርሽውን ሞዴስ አትጣይው። በፌስታል ቋጥረሽ ያዢው። እኛ «ትንሽ» እና «ብዙ» የሚለውን ቃል ሳይሆን ሞዴሱን ማየት እንፈልጋለን። አንዲት ልጅ ከቂሊንጦ መጥታ አምስት ሞዴስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችልኝ። እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ሰዓቱን ጽፋበታለች። እንደሷ ሥራዬን ያቀለለልኝ ሰው የለም።

ቀጥሎ ያለው መልእክት ከአንድ አባት ነው።

«ሲስተር፣ የምጽፈው ከቦሌ አራብሳ ነው። ባለቤቴ 36ኛ ሳምንቷ ላይ ነበረች። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ሌሊት። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ጀሪካን ይዛ ደረጃ ስትወጣ አዳልጧት በሆዷ ወደቀች። ጎረቤት ደውላልኝ መጣሁ። ትንሽ ጠቆር ያለ ደም አይታለች። ሆዷ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሁለት መኪና ለመንን፤ ደም ሲያዩ ‹ወንበሬን› ብለው ጥለውን ሄዱ። ስንደርስ የልጃችን ልብ ቆሟል አሉን። ባለቤቴ አራት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ተርፋለች። ሁለት ነገር አልገባኝም። የፈሰሰው ደም ከአንድ ሲኒ አይበልጥም ነበር፤ ልጄ ለምን ሞተ? እኔ ያን ሌሊት ቤት ብሆን ኖሮስ?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ልነግርህ አልችልም።

የባለቤትህ ከላይ ካለው የተለየ ነው። የእንግዴ ልጁ የተቀመጠው ደህና ቦታ ላይ ነበር። ግን ያለጊዜው ከማህፀኑ ግድግዳ ተላቀቀ። ሲላቀቅ ደሙ ከኋላው ይጠራቀማል። መውጫ ካላገኘ እዚያው ይቀራል። አንተ ያየኸው አንድ ሲኒ ነው፤ ያላየኸው ከውስጥ ነበር። አራት ከረጢት ደም የተሰጣት ለዚያ ነው። ልጁ ደግሞ አየር የሚያገኘው በዚያ በተላቀቀው አካል በኩል ነው። ብዙው ክፍል ከተላቀቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይታፈናል። እናንተ ልጁ ሲታፈን ከውጭ ልታዩት የምትችሉት ነገር አልነበረም።

ሆዷ እንደ ድንጋይ የደረቀው ማህፀኑ በደም ተወጥሮ ነው። የምጥ ሕመም መጣ ሄድ ይላል፤ በመሃል ሆድ ይለሰልሳል። ይህ ግን አይለቅም። ሆድ ደርቆ ከቀረ፣ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ልጁ ዝም ካለ፣ ደም ጠብታ እንኳ ባይታይ ያንን ያህል አስቸኳይ ነው። ይህን አንባቢዎቼ ሁሉ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚፈራው የሚያየውን ደም ነው።

«ቤት ብሆን ኖሮስ?» ላልከው እውነቱን ልንገርህ። ቤት ብትሆን ጀሪካኑን አንተ ትይዘው ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ግን አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። እሷም ለቤቷ ውሃ ስትቀዳ ነበር። ከሁለታችሁ አጥፊ የለም። ደግሞም የእንግዴ ልጅ መላቀቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያለ ምንም መውደቅ ነው። ትልቁ ምክንያት የደም ግፊት ነው። መንታ እርግዝና፣ የሽርት ውሃ መብዛት፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት ተላቅቆ መወለድ፣ እነዚህም አሉበት። ስለዚህ ከሆስፒታሉ የተሰጣችሁን ወረቀት አውጡና ግፊቷ ስንት እንደነበር እዩ። ካልተጻፈ ጠይቁ። ለሚቀጥለው እርግዝና ያስፈልጋችኋል።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፤ ምናልባት እሷም አልነገረችህም። ልጁ ባይኖርም ጡት ወተት ይሞላል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን። ብዙ እናት ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ የምትውለው ለዚህ ነው። ደገፍ አድርጎ የሚይዝ የጡት ማስያዣ ታድርግ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ታስቀምጥበት፣ በብዛት አትለበው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ትኩሳት ካላት ወይም ጡቷ ከቀላ ትታይ። አንተም ከአጠገቧ ሁን። የልጁን ስም አውጥታችሁ ከነበረ በስሙ ጥሩት። ሰው «ገና ወጣት ናችሁ፤ ሌላ ይሰጣችኋል» ሲላት መልስ መስጠት አይጠበቅባትም።

ሌላ ልጅ መውለድ ትችላለች። እንደገና የመላቀቅ ዕድሉ ከሌላ ሴት ይጨምራል፤ አብዛኞቹ ግን ሳይደገም ይወልዳሉ። ሲረገዝ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል ጀምሩ። የመጀመሪያ ቀን ላይ ይህን ታሪክ ንገሩ። ግፊቷ በየቀጠሮው ይለካ። መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ትቆይ።

የመኪናው ነገር ከልቤ አልወጣም። የሾፌሩን ወንበር የሚያድን አንድ ሜትር ላስቲክ ነው። እያንዳንዷ ሰባተኛ ወሯ የገባ ሴት ቤት በር አጠገብ ቦርሳ ይኑር፤ ውስጡ የክትትል ካርድ፣ አንድ ሜትር ላስቲክ፣ አሮጌ ጋቢ፣ ሞዴስ፣ የስልክ ቻርጀር። የሁለት ሾፌር ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፤ የሰፈር ሰው ቢሆን ይመረጣል። «ሌሊትም ቢሆን፣ ደምም ቢኖር ትመጣለህ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። እሺ ካለ ደግ ሰው ነው፤ ካላለም ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ሁለቱንም በር ጀርባ ላይ ለጥፉት። ስትደውሉ «ነፍሰ ጡር፣ ደም እየፈሰሳት ነው» ብላችሁ ጀምሩ፤ የብሎክ ቁጥሩንና አንድ የሚታወቅ ቦታ ንገሩ፤ አንድ ሰው ወርዶ መንገድ ላይ ይቁም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምቡላንስ ብሎክ ሲፈልግ የሚባክነው ጊዜ ያናድደኛል። እስኪመጣ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ጋቢ ይደረብላት። ደረጃውን በእግሯ አትውረድ፤ በወንበር ተቀምጣ አራት ሰው ይያዛት።

የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ገንዘብ እስኪገኝ ብላችሁ አትዘግዩ። ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ እዚያ ሂዱ፤ ግሉኮስ ሰክተው በአምቡላንስ ሪፈር ያደርጋሉ። ሆስፒታል እኩል የሚርቅ ከሆነ ግን በቀጥታ ኦፕራሲዮንና ደም ወዳለበት። በቱሉ ዲምቱ በኩል ላላችሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ሕክምና ሳታገኝ በዚህ ዓይነት ደም የምትሞት ሴት ከመፍሰሱ እስከ መሞቷ በአማካይ 12 ሰዓት ገደማ ነው ይባላል፤ ከወሊድ በኋላ ለሚፈሰው ግን 2 ሰዓት ብቻ። 12 ሰዓት ረጅም ይመስላል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ደም አይታ «ይንጋና እናያለን» ያለች ሴት ግማሹን እንቅልፍ ላይ ጨርሳዋለች።

ሦስተኛዋ ጠያቂ እናት ናቸው። «ልጄ 39 ሳምንቷ ነው። ዛሬ ጠዋት እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ፣ ሮዝ መሳይ ነገር አየች። በእኛ ጊዜ ምልክት እንለው ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ እያስፈራራን ነው።»

እናቴ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ምልክት ነው። የማህፀን በር ሲለሰልስ ዘግቶት የነበረው ዝልግልግ ነገር ደም ቀላቅሎ ይወጣል። መጠኑ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ምጥ በሰዓታትም በቀናትም ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ዝልግልጉ ጠፍቶ እንደ ወር አበባ ቀጭን ደም መፍሰስ ከጀመረ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ግን ምልክት ነው ብለው እንዳይቀመጡ፤ ይውሰዷት። የሽርት ውሃው ሲፈስ ደም ከቀላቀለም እንዲሁ፤ ያኔ የሚፈሰው የልጁ ደም ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ደም ደግሞ ጥቂት ነው። በሽልም ያውጣልዎት።

ዓምዱን ለአዘጋጁ ልሰጥ ስል የቱሉ ዲምቱዋ እህቴ ደወለች። 35ኛ ሳምንቷ ገብቷል፤ እስካሁን ሆስፒታል ናት። በገባች በዘጠነኛው ሌሊት ደሙ ተመልሷል። ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር አለችኝ። ነርሷ ከአልጋዋ እስክትደርስ ያለው አሥር እርምጃ ነው። ደሟ ተዘጋጅቶ ስለነበር አንድ ከረጢት ተሰጣት፤ ሲነጋ ቆመ። የእንግዴ ልጁ በሩን ዘግቶታል፤ ጠባሳው ላይ ግን አልተጣበቀም ብለዋታል። ቀጠሮዋ ለ37ኛው ሳምንት ነው። ባለቤቷና ሁለት ወንድሞቹ ደም ሰጥተዋል። አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። እኔም በዓመት ሁለቴ እሰጣለሁ። ያንን ነጠላ ካነሳሁ ጀምሮ ሳላቋርጥ።

ስልኩን ለአማቷ ሰጠቻቸው። አጥሚት ይዘው መጥተው አልጋዋ ሥር ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለደጉ ብዬ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ እማማ» አልኳቸው። «አጥሚቱን ግን ሐኪሙን ጠይቀው ይስጧት።»

«ጠይቄዋለሁ» አሉ። «ትጠጣ ብሏል።»